ልብስ የሚቆረቁራቸው ሕፃናት፦ ወላጆችና አሳዳጊዎች በአነስተኛ ወጪ ሊያደርጉ የሚችሉት

ለሌላው ሰው ምንም የማይመስል የልብስ ስፌት፣ አንገት ላይ የተሰፋ የመለያ ጨርቅ ወይም የካልሲ ጠርዝ አንዳንድ ሕፃናትን እንደ እሾህ ይወጋቸዋል። ጠዋት ዩኒፎርም ሲለብሱ ያለቅሳሉ፣ የለበሱትን አውልቀው ይጥላሉ፣ ወይም በየዕለቱ ያንኑ አሮጌ ካናቴራ ካልሆነ አንለብስም ይላሉ። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ባሕርይ እንደ ቅብጠት ወይም እንደ እልኸኝነት ስለሚቆጠር በሕፃኑ ላይ ቁጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ዱላ ይደርስበታል። ከዚያም አልፎ ልብስ አይለብስም ተብሎ ከትምህርት የሚቀር፣ እንግዳ ሲመጣም ከጓዳ እንዳይወጣ የሚደረግ ልጅ አለ። ይህ ማብራሪያ የችግሩን ምንነት፣ በቤት ውስጥና በሰፈር ልብስ ሰፊ ሊደረጉ የሚችሉ ማስተካከያዎችን፣ እንዲሁም አገልግሎት ለማግኘት ወዴት መሄድ እንደሚገባ ያስረዳል።

ችግሩ ከምን ይመጣል?

ቆዳ የሚነካውን ነገር ሁሉ ወደ አንጎል ያስተላልፋል። አብዛኛው ሰው ልብሱን ከለበሰ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንጎሉ መልእክቱን ችላ ስለሚለው ካልሲ ማድረጉን እንኳ ቀኑን ሙሉ አያስታውስም። የመዳሰስ ስሜታቸው ከመጠን በላይ ትብ የሆነ ሕፃናት አንጎል ግን ይህን መልእክት አያለዝበውም፤ ጠዋት የተሰማው መቆርቆር ከሰዓት በኋላም በዚያው ኃይል ይሰማል። ሁኔታው ኦቲዝም ባለባቸው ሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያም ለሚታይ፣ ለሚሰማና ለሚዳሰስ ነገር የሚሰጥን የበዛ ወይም ያነሰ ምላሽ ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች መካከል አካትቶታል። ይሁን እንጂ ልብስ የሚቆረቁረው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ምንም ዓይነት የዕድገት እክል በሌለባቸው ሕፃናት ላይም ያጋጥማል።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ። አንዳንድ ሕፃናት የሚነካቸውን ነገር በሚገባ አይለዩም። ጫማ እግራቸውን ልጦ እስኪደማ ድረስ ላይናገሩ፣ በቆላ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ለብሰው ሊውሉ፣ በሐምሌ ብርድም ራቁታቸውን ሊሮጡ ይችላሉ። የእነዚህ ልጆች ወላጆች ማታ ማታ የልጁን እግር፣ ወገብና ብብት በዓይናቸው ማየት ይኖርባቸዋል፤ ልጁ እስኪናገር መጠበቅ ቁስሉ እስኪያመረቅዝ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

ልብስ ከመቀየር በፊት መታየት ያለበት ነገር አለ። የቆዳ ሽፍታ፣ ችፌ ወይም እከክ ያለበት ልጅም ልብሱን ይጠላል፤ ይህ በልብስ ሳይሆን በሕክምና የሚፈታ ነው። ቀድሞ በሰላም ይለብስ የነበረ ልጅ በድንገት ልብስ መልበስን ወይም ማውለቅን እምቢ ካለ ሕመም፣ ጉዳት ወይም በሌላ ሰው የደረሰበት በደል ሊኖር ስለሚችል፣ ሳይቆጡ ጠይቆ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ጨርቅን መምረጥና ማለስለስ

ለእነዚህ ሕፃናት ተብለው በውጭ አገር የሚሸጡ ስፌት አልባ ልብሶች ዋጋቸው ውድ ነው፤ በአገር ውስጥ ገበያም እንደ ልብ አይገኙም። መልካሙ ነገር፣ እነዚያ ልብሶች የሚሰጡት ጥቅም በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች የሚመነጭ መሆኑ ነው፦ ከለስላሳ ጥጥ፣ ቆዳን ከማይነካ ስፌትና ከመለያ ጨርቅ አለመኖር። ሦስቱም እዚሁ ሊሟሉ ይችላሉ።

ጥጥ አየር ያስገባል፣ ላብም ይመጣል። ፖሊስተር ሙቀትን ያፍናል፣ በደረቅ ወቅትም ቆዳ ላይ እየተጣበቀ ይነዝራል። ነጋዴው ንጹሕ ጥጥ ነው ያለውን ለማረጋገጥ ከልብሱ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዞ፣ አዋቂ ሰው ሕፃናት በሌሉበት ቦታ በወረንጦ ይዞ በክብሪት ቢያቃጥለው ይታወቃል፦ የጥጥ ክር እንደ ወረቀት ነድዶ በቀላሉ የሚበተን አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን እንደ ፕላስቲክ እየቀለጠ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። ድብልቅ ጨርቅ የሁለቱንም ምልክት ያሳያል።

ከአዲስ ልብስ ይልቅ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ አልያም የዘመድ ልጅ ለብሶ የጠበበው ልብስ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። እየታጠበ ልስልስ ያለ ነው፤ የፋብሪካ አሚዶውና ሽታውም ለቅቋል። የተረፈ ልብስ ማልበስ የሚያሳፍራቸው ወላጆች ቢኖሩም በዚህ ጉዳይ የልጁ ቆዳ ከአዲስነት ይልቅ አሮጌነትን ይወዳል። አዲስ ልብስ መግዛት ግድ ሲሆን ልጁ ከመልበሱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በለብታ ውኃ ማጠብና እያሹ ማለቅለቅ ይመከራል።

የአስተጣጠብ ሁኔታ ከጨርቁ ዓይነት ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣል። በዱቄት ሳሙና ታጥቦ በሚገባ ያልተለቀለቀ ልብስ ሲደርቅ ይከረድዳል፣ ቆዳም ያሳክካል። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር ማለቅለቂያውን መቆጠብ የተለመደ ቢሆንም ለዚህ ልጅ ልብስ አንድ ዙር ተጨማሪ ውኃ ማዋል ይበጃል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ላይ ጥቂት ነጭ አቼቶ መጨመር የሳሙናውን ቅሪት ያስለቅቃል። ነገር ግን አቼቶን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ መቀላቀል አይገባም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ልብሱ ሲደርቅ በእጅ አሽቶ ማራገፍም ድርቀቱን ይቀንሳል። ሽታ ለሚረብሸው ልጅ ደግሞ ሽቶ የበዛበት ሳሙና ባይሆን ይሻላል።

የልብስ ሰፊው ድርሻ

የአንገት መለያ ጨርቅን በመቀስ መቁረጥ ብዙዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። የሚቀረው አጭር ጠርዝ ከበፊቱ ይብስ ይወጋል። መደረግ ያለበት ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብሎ መተርተርና መለያውን ከሥሩ ማውጣት፣ የተከፈተውንም ቦታ በለስላሳ የጥጥ ክር መልሶ መስፋት ነው። የውስጥ ልብስንና ካናቴራን ገልብጦ ማልበስ ምንም ወጪ የለውም፤ ከላይ ሌላ ልብስ ስለሚደረብ ማንም አያየውም። ጣት ላይ ስፌቱ ለሚቆረቁር ካልሲም ይኸው መፍትሔ ይሠራል።

የሰፈር ልብስ ሰፊ በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚያስተካክላቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። በወፍራም ስፌት ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ደርቦ መስፋት፣ ጠባብ የወገብ ላስቲክን አውጥቶ ሰፋ ያለና የላላ መተካት ወይም በማሰሪያ መለወጥ፣ ጠንካራ ኮሌታን ማንሳት፣ ቁልፍና ዚፕ ቆዳ እንዳይነኩ ከውስጥ ገበር ማድረግ ይቻላል። እየተለጠፈ የሚከፈት ማሰሪያ ለመልበስ ይቀላል፤ ሆኖም ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ የሚያስፈራቸው ሕፃናት ስላሉ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው ጋር ሲኬድ ልጁ ሳይቆረቁረው የሚለብሰውን አንድ ልብስ ይዞ መሄድና በዚያ ልክ እንዲሠራ ማዘዝ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ጥብቅ ያለ ልብስ የሚያረጋጋቸው ሕፃናትም አሉ። ከላይኛው ልብስ ሥር የሚለበስ ልክክ ያለ የጥጥ ካናቴራ ወይም ታይት ለእነርሱ በቂ ሊሆን ይችላል። ክብደት የተጨመረባቸው ሰደርያዎችና ብርድ ልብሶች በስፋት ቢተዋወቁም ጥቅማቸው በጥናት ጠንካራ ማረጋገጫ አላገኘም። ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ናቸው፤ ትልቁም ልጅ ቢሆን ራሱ ሊያወልቀው የማይችለው ከባድ ነገር ሊደረብበት አይገባም። በጋቢ መጠቅለል የሚወድ ልጅ ፊቱ እንዳይሸፈን፣ ሲተኛም እንዲላላለት ማድረግ ያስፈልጋል።

ዩኒፎርም፣ የበዓል ልብስና ጫማ

ብዙ ቤተሰቦች የሚቸገሩት በዩኒፎርም ነው። የሹራቡ ክር ይቆረቁራል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ያንቃል፣ ሱሪው ከፖሊስተር የተሠራ ነው። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በከተማው አስተዳደር መቅረቡ የወላጆችን ወጪ ቢያቀልም፣ የሚቀርበው ልብስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለሆነም ወላጆች መጀመሪያ ከውስጥ ለስላሳ ካናቴራ በመደረብ መሞከር፣ ካልበቃም በዚያው ቀለም ከጥጥ የተሰፋ ልብስ እንዲፈቀድ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ። ከጤና ባለሙያ የተሰጠ ማስረጃ ከማመልከቻው ጋር ቢያያዝ ጉዳዩን ያፋጥናል።

ጥያቄው እንደ ልመና ሊታይ አይገባም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አእምሯዊና ከስሜት ሕዋሳት ጋር የተያያዘ የረጅም ጊዜ ጉዳት ያለባቸውንም ሰዎች ይመለከታል። በአንቀጽ 24 መሠረት የእያንዳንዱ ተማሪ ፍላጎት ተመጣጣኝ በሆነ ማመቻቸት እንዲሟላ ይጠይቃል። የጨርቅ ዓይነት መቀየር በትምህርት ቤቱ ላይ ወጪ የማያስከትል፣ ከማመቻቸቶች ሁሉ ቀላሉ ነው።

በዓል ሲደርስ ሌላ ፈተና ይመጣል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ልጅን በአሮጌ ካናቴራ ለበዓል ማውጣት ለወላጅ ቀላል አይደለም። የአገር ልብስ ፈትሉ ለስላሳ ጥጥ በመሆኑ በራሱ ችግር የለበትም፤ የሚቆረቁረው በአንገትና በእጅጌ ጫፍ ላይ የሚገባው ጥበብ፣ በተለይም የሚያብረቀርቀው ክር ነው። ሸማኔውን ወይም ሰፊውን ጥበቡን በታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ እንዲያደርገው ማዘዝ፣ የተሠራ ከሆነም ጀርባውን በስስ ጨርቅ ማስገበር ይቻላል። ልብሱ የበዓሉ ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ባይለበስ ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያም አሥር ደቂቃ እያለ በጨዋታ መካከል ልጁ ራሱ እየለበሰ ቢለምደው ይበልጥ ይቀበለዋል፤ ሌላ ሰው ከሚያለብሰው ይልቅ በገዛ እጁ የሚለብሰው ያነሰ ይረብሸዋል።

ጫማን በተመለከተ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር መሄድ የዝሆኔ በሽታን ያስከትላል፤ የመንጠቆ ትል በሽታም በባዶ እግር በኩል ይገባል። በመሆኑም ጫማ እምቢ ያለ ልጅን እንዲሁ መተው አይገባም። ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ ከሚቆረቁረው፣ ጣትን የማይጨብጥ ሰፋ ያለ የጨርቅ ጫማ ማስሞከር፣ እስኪለምደውም ድረስ እግሩን በየቀኑ በሳሙና ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል።

ልጃገረዶች ለአቅመ ሔዋን ሲቃረቡ የወር አበባ መቀበያ የማይቀር ጉዳይ ይሆናል። ፕላስቲክነት ያለው ሞዴስ የሚያሳክካቸው ታጥቦ የሚመለስ የጥጥ መቀበያ ሊሻላቸው ይችላል። የወር አበባ ሳይመጣ በፊት እናት ወይም አሳዳጊ መቀበያውን ለጥቂት ደቂቃዎች ልጅቷን ብታለማምዳት ከድንጋጤ ትድናለች።

አገልግሎት ለማግኘት

ልብሱ ከተስተካከለ በኋላም ልጁ መልበስ ካልቻለ፣ ወይም ንግግሩ የዘገየ፣ በስሙ ሲጠራ የማይመልስ፣ ድምፅንና ምግብንም የሚሸሽ ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል። በገጠር የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን፣ በከተማ ደግሞ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያን ማነጋገር የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ይኬዳል። ወደ ባለሙያ ሲቀርቡ ልጁ የሚጠላቸውንና የሚወዳቸውን ልብሶች፣ ችግሩ የሚበረታበትን ሰዓትና ቦታ ለአንድ ሳምንት ጽፎ መያዝ ምርመራውን ያግዛል። ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት በአዲስ አበባ አገልግሎት ከሚሰጡ ተቋማት መካከል የኦቲዝም ልጅ እናት በሆኑት በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ይገኛሉ።

ልብስ ማሟላት የማይችሉ ቤተሰቦች ለወረዳቸው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በአካባቢያቸው ለተቋቋመው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ማመልከት ይችላሉ። በማመልከቻው ላይ ልብስ ያስፈልገዋል ብሎ ከማለፍ ይልቅ ልጁ ሊለብሰው የሚችለውን የጨርቅ ዓይነትና ልክ ለይቶ መግለጽ ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ የተለገሰው ልብስ ሳይለበስ ይቀራል። እድር ወይም ጎረቤት ልብስ ሲያሰባስብም ይህንኑ መንገር አይከፋም። ልጁ የተስማማው ልብስ ከተገኘ አቅም በፈቀደ መጠን ከዚያው ዓይነት ሁለት መያዝ፣ አንዱንም ከፍ ባለ ቁጥር ማድረግ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ለማልበስም፣ ልጁ ሲያድግ እንደ አዲስ ላለመጀመርም ይረዳል።