መርፌው በኅዳር፣ ሠርጉ በጥር

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ታኅሣሥና ጥር አገር ቤት የሚኬድባቸው ወራት ናቸው። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፤ የነቢያት ፆም ተፈትቶ ሠርጉ የሚደራውም በጥር ነው። ፊቱን በቦቶክስ ወይም በፊለር ማሳመር የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ጉዞ አስቦ ቀጠሮ ይይዛል። ለእንዲህ ያለ ሕክምና የብርዱ ወቅት ይመረጣል ሲባልም ይሰማል። አባባሉ እውነት አለበት፤ ከብርዱ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ፀሐይ ለሚበር ሰው ግን ያሳስታል።

ነገሩ የሚገባን መርፌው ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚሠራውን ስናውቅ ነው። ቦቶክስ የንግድ ስም ነው፤ ንጥረ ነገሩ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ኤልዜል በተባለች የቤልጂየም መንደር ለቀብር የተጠሩ ሙዚቀኞች የተበላሸ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ተመራማሪው ኤሚል ቫን ኤርመንገም ባክቴሪያውን ለይቶ ያወቀው ያን አደጋ መርምሮ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል በመልቀቅ ነው። መርዙ ወደ ነርቩ ጫፍ ይገባና ኬሚካሉ እንዲለቀቅ የሚያስችለውን ፕሮቲን ይቆርጣል። ትእዛዙ ስለማይደርሰው ጡንቻው ዘና ይላል።

የሳን ፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ይህንኑ መርዝ በጣም በትንሽ መጠን በመጠቀም ሸውራራ ዓይንን ማቃናት እንደሚቻል አሳየ፤ መድኃኒቱም በ1989 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ሰሞን በካናዳዋ ቫንኩቨር የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ ለዓይን ቆብ መንቀጥቀጥ መርፌውን የምትወጋቸው ታካሚ በቅንድባቸው መሐል የነበረው የግንባር መጨማደድ እንደጠፋላቸው ነገሯት። ከቆዳ ሐኪሙ ባሏ ከአላስቴር ጋር አጥንተው ውጤቱን በ1992 አሳተሙ። ቦቶክስ በአሜሪካ ለመልክ ማሳመሪያ የተፈቀደው በ2002 ነው።

የቀጠሮው ስሌት የሚነሣው ከዚህ አሠራር ነው። ጡንቻው ዘና ማለት የሚጀምረው ከተወጋ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ቢል እንኳ ሐኪሙ የሚያስተካክለው ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያም ነርቩ ራሱን ስለሚጠግን ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጡንቻው ወደነበረበት ይመለሳል። በታኅሣሥ መጀመሪያ የተወጋ ሰው ውጤቱ ጥርን በሙሉ ይቆይለታል፤ ለፋሲካ ግን ላይደርስለት ይችላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአየሩ ብርድና ሙቀት ድርሻ የለውም። ነርቩ ውጭ በረዶ ቢጥልም ባይጥልም የሚሠራው በሰውነት ሙቀት ነው።

ፊለር ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ከሚያመርተው ከሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ከከብት ዓይን ውስጥ ያገኙት ይህ ንጥረ ነገር ውኃ ይስባል፤ ስለዚህ ከእሱ የሚሠራው ጄል የጎደጎደ ጉንጭን ወይም የሳሳ ከንፈርን ይሞላል። ውጤቱ ወዲያው ቢታይም ከእብጠትና ከብልዘት ጋር ነው የሚታየው፤ እስኪረጋጋ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ለጥር አጋማሽ ሠርግ ፊለሩ በኅዳር መጨረሻ፣ ቦቶክሱ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ቢሆን ለማስተካከያም ጊዜ ይተርፋል። ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ የሚባለው ዓይነት ግን ቆዳው የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ የሚያነሣሣ ስለሆነ በሳምንታት ልዩነት ተደጋግሞ ይሰጣል፤ ውጤቱም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። እሱን በታኅሣሥ ጀምሮ ለጥር መጠበቅ ከንቱ ነው።

ታዲያ ብርድ ይሻላል የሚለው ከየት መጣ? በአብዛኛው ከሌዘርና ከኬሚካል ልጣጭ ሕክምና ነው። እነዚህ የቆዳውን የላይኛውን ክፍል ስለሚያቆስሉ ፀሐይ በሚደክምበት ወቅት ቢደረጉ በእርግጥ ይሻላል። መርፌም ቢሆን ብልዘት ይተዋል፤ ጠቆር ባለው ቆዳችን ላይ ደግሞ ብልዘትና ቁጣ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት በተቆጡ ቁጥር ሜላኒን ያበዛሉ፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ምልክቱ ለወራት ይቆያል። የብርዱ ወራት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ አጭር ነው፣ ፊትም በሻርፕ ይሸፈናል።

አዲስ አበባ ስንደርስ ግን ይህ ጥቅም ያበቃል። በጥር በዋሽንግተን በቀትር የአልትራቫዮሌት መለኪያው 2 አካባቢ ነው፤ በአዲስ አበባ ከ10 ይበልጣል። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ጠለልም በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጥር ደግሞ በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ብልዘቱ ሳይጠፋ አውሮፕላን የተሳፈረች ሴት ለጥምቀት ጃንሜዳ ቆማ የምትውለው በዚህ ፀሐይ ሥር ነው። ለዚህ ነው ጉዞው የሚጀመረው ብልዘቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ መሆን አለበት የምለው። ሰንስክሪንም አይቀርም፤ ለእኛ ቆዳ የሚሻለው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ጥቁረትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል። በዋሽንግተንም ቢሆን በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር መልሶ ያንጸባርቃል፤ ዩቪኤ የተባለው ጨረርም በመስኮት መስታወት ያልፋል።

ብርዱ የራሱን ችግርም ይዞ ይመጣል፤ እሱም የጉንፋንና የኢንፍሉዌንዛ ወቅት መሆኑ ነው። የሰውነት መከላከያ ሲቀሰቀስ ከቆዳ ሥር ያለውን ጄል እንደ ባዕድ ነገር ሊያጠቃው ይችላል። ወደ 30,000 ሰው በተሳተፈበት የሞደርና የኮቪድ ክትባት ሙከራ በ2020 ከዚህ ቀደም ፊለር የተወጉ ሦስት ሰዎች ፊታቸው ወይም ከንፈራቸው አብጦ ነበር፤ እብጠቱም ጠፍቷል። ይህ ክትባትን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፣ የጥርስ ሕክምናና ፊለር በአንድ ሳምንት አይደራረቡ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይራራቁ። ትኩሳት ያለው ሰው ቀጠሮውን ያራዝም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት ክኒን ብልዘትን ያበዛሉ፤ በሐኪም የታዘዘ ደም ማቅጠኛ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይቋረጥም። ነፍሰ ጡር እስክትወልድና ማጥባቷን እስክትጨርስ፣ የምታጠባ እናትም ማጥባቷን እስክታቆም ትጠብቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በበዓል ሰሞን በየቤቱና በየሳሎኑ በቅናሽ የሚሰጠው መርፌ ነው። በ2024 የጸደይ ወራት የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ቦቶክስ የተወጉ በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች መታመማቸውን፣ ግማሾቹም ሆስፒታል መግባታቸውን አስታውቀዋል። የፊለር አደጋ ደግሞ ደም ሥር መድፈኑ ነው። ቆዳው ከነጣ፣ እንደ መረብ ከጠቋቆረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማ ወይም እይታ ከደበዘዘ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይሟሟል፤ መድኃኒቱ ግን በሐኪሙ እጅ መኖር አለበት፣ እርስዎም በአትላንቲክ ላይ ሳይሆን ከሐኪሙ አጠገብ መሆን አለብዎ።

ስለዚህ ከመወጋትዎ በፊት የባለሙያውን ፈቃድ ያረጋግጡ፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አይተው ስሙን ይመዝግቡ፤ ሃያሉሮኒዴዝ በእጁ እንዳለ በግልጽ ይጠይቁ። ለጉዞው ከሁለት ሳምንት በታች ከቀረ ግን ፊለሩን ይተዉትና ከሠርጉ ሲመለሱ ያስቡበት።