የመንጌን ቀርከሃ የሚችለው የትኛው ብረት ነው?

ግንቦት ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ አሶሳ ሄጄ ነበር። መንጌ የሚኖሩ የአባቴ የድሮ ወዳጅ አሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ «አጎቴ» ነው የምላቸው። ክረምቱ ሳይገባ አጥራቸውን ሊያድሱ መሆኑን ስሰማ «እኔም ላግዝ» ብዬ ተነሳሁ። ኪሴ ውስጥ ከገበያ የገዛኋት አዲስ ሰንጢ ነበረች። ታብለጨልጫለች፣ እጀታዋ ጥቁር ነው፣ ብረቷ ላይ ደግሞ «ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ታትሞባታል። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ሁሉ ለጥፌያታለሁ። (ሰው የሰንጢ ፎቶ ይለጥፋል ወይ? እኔ ለጥፌያለሁ።)

አምስተኛው ቀርከሃ ላይ ስለቷ አለቀ። ቅርንጫፉን ስመለምል መጀመሪያ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፣ ከዚያ መቁረጧን ትታ መፋቅ ጀመረች። ብረት አልቆርጥ ሲል ሰው ኃይል ይጨምራል፤ እኔም ጨመርኩ። ሰንጢዋ የቀርከሃው ቆዳ ላይ ተንሸራታ ግራ እጄ አውራ ጣት ሥር ገባች። ጤና ጣቢያ ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ለእኔ ጉዳቱ ለአንድ ሳምንት በአንድ እጅ መጻፍ ነው። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ግን የአንድ ሳምንት ቀለብ ነው።

አጎቴ የእሳቸውን ቢላዋ አውጥተው ሥራውን ቀጠሉ። ጠቁራለች፣ ጎርበጥባጣ ናት፣ የመዶሻው ምልክት እንኳ አልጠፋም። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠች ናት። እስከ ማታ ሲሠሩባት ሁለቴ ብቻ ድንጋይ ላይ አሸት አሸት አደረጓት። «ልጄ፣ ያንተዋ ለፎቶ ናት» አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያቺ አስቀያሚ ብረት ምን ኖሯት ነው የእኔዋ ያጣችው?

መጀመሪያ ስለ ቀርከሃው ላውራ፤ ምክንያቱም ፈታኙ እሱ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ በብዛት የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። በዚያ ላይ ቆዳው ውስጥ ሲሊካ አለ። ሲሊካ ማለት አሸዋ የተሠራበት ነገር ነው። ስለዚህ ቀርከሃ ስትቆርጡ እንጨት ብቻ አይደለም የምትቆርጡት፤ በጣም ደቃቅ የሆነ ሞረድ ላይ ስለታችሁን እየጎተታችሁት ነው። ቀርከሃው ሲያልቅ ደግሞ ያው ቢላዋ ማንጎ ይልጣል፣ ማዳበሪያ ይቀድዳል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ወርዶ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ያድራል። የማንጎ አሲድ አለ፣ ለወራት የሚዘንብ ዝናብ አለ። አንድ ብረት ይህን ሁሉ ቻል ሲባል ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ። ብረት ቢላዋ የሚሆነው ውስጡ በቂ ካርቦን ሲኖር ነው። ካርቦኑ ካነሰ የፈለጋችሁትን ያህል አግላችሁ ብትነክሩት ስለት የሚይዝ ጥንካሬ አያገኝም። ግንባታ ላይ የምናየው ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም፤ ከፌሮ የተቀጠቀጠ ቢላዋ ቶሎ የሚዶለዱመው ለዚህ ነው። የመኪና ባሌስትራ ግን ወደ 0.6 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን አለው፣ ከአንድ በመቶ በታች የሆነ ክሮሚየምም ይጨመርበታል። የተሠራው ጭነት ተሸክሞ በኮረኮንች ላይ እንዲተጣጠፍና እንዳይሰበር ነው። ቀጥቃጮቻችን ባሌስትራ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ስቴንለስ» የሚባለው ሌላ ቤተሰብ ነው። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ከተማ ውስጥ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ ብረት ሲሞክር ነበር የማይዝግ ብረት እጁ የገባው። ሚስጥሩ ክሮሚየም ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ሲሆን ብረቱ ላይ ዝገትን የሚከላከል ቀጭን ሽፋን ይፈጠራል። ልብ በሉ፤ «አይዝግም» ማለት «ይቆርጣል» ማለት አይደለም። ማንኪያችንም ስቴንለስ ነው። የእኔ ሰንጢ ላይ የታተመው ጽሑፍ የነገረኝ ስለ ዝገት ብቻ ነው፤ ስለ ካርቦኑም ሆነ ፋብሪካው እንዴት እንዳጠነከረው አንዲት ቃል አልነገረኝም።

ታዲያ በጣም ጠንካራውን ብረት መግዛት አይሻልም? ዩቲዩብ ላይ የሰንጢ ቪዲዮ የምታዩ ልጆች ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ዲ2 የሚባል አለ፤ 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ አካባቢ ክሮሚየም ያለው፣ መጀመሪያ ለፋብሪካ መቁረጫ የተሠራ። ከእሱ በላይ ደግሞ ቫናዲየም የገባባቸው ውድ ብረቶች አሉ። እውነት ነው፣ ስለታቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ቀርከሃውንም ከእኔዋ በእጥፍ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ስለቱ ያለቀ ቀን ነው። ቫናዲየም ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጥራቸው ቅንጣቶች ከወንዝ ድንጋይ በብዙ ይጠነክራሉ። አጎቴ የሚስሉበት ድንጋይ እነሱን አይነካም፤ የአልማዝ ብናኝ ያለበት መሳያ ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ መንጌ ገበያ ላይ ፈልጉ እንግዲህ። በዚያ ላይ ብረት በጠነከረ ቁጥር ተሰባሪ ይሆናል፤ የቀርከሃ አንጓ ላይ ጠምዘዝ ስታደርጉት ስለቱ እንደ ሸክላ ይሸረፋል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አስተማሪዎቻችን ሰሌዳ ላይ የሚስሉት የበጀት መስመር ትዝ ይለኛል። ከዚህኛው ጨምር፣ ከዚያኛው ቀንስ። ብረትም እንደዚያው ነው። የስለት ዕድሜ፣ አለመሰበር፣ አለመዛግ፣ በቀላሉ መሳል፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ የሚሰጥ ብረት የለም። የስዊዘርላንዶቹ ቪክቶሪኖክሶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሰንጢያቸውን ብረት ሆን ብለው መካከለኛ ጥንካሬ ላይ ያቆሙታል፤ ወታደሩም ገበሬው ተራ ድንጋይ ላይ እንዲስለው። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ ከውዱ ይልቅ እንዲህ ያለውን ጠይቁት። የፈረንሳዩ ኦፒኔልም ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የገበሬ ሰንጢ ነው፤ ካርቦኑንም ስቴንለሱንም ያመርታል፣ እጀታው እንጨት ነው።

እስካሁን ስለ ብረት ስም ነው ያወራሁት። ግማሹ ጨዋታ ያለው ግን እሳቱ ላይ ነው። ያው ባሌስትራ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ቢላዋ ይሆናል። አንዱ በግራይንደር ቆርጦ፣ ስሎ፣ እጀታ ገጥሞ ይሸጣል። ባሌስትራ ሲመረት ጥንካሬው የተወሰነው ለመተጣጠፍ እንጂ ለስለት አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ቢላዋ አይሰበርም፣ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ሌላው ቀጥቃጭ ይቀጠቅጠዋል፣ እስኪቀላ ያግለዋል፣ ማግኔት መሳብ የሚያቆምበት ሙቀት ላይ ሲደርስ (ወደ 770 ዲግሪ ነው) ትንሽ ጨምሮለት ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ባሌስትራ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ እንደገና በስሱ ያሞቀዋል፤ የጸዳው ብረት ላይ የገለባ ቀለም ብቅ ሲል ያቆማል። ይሄ 200 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ሙቀት ከተዘለለች ቢላዋው እንደ ብርጭቆ ነው የሚሆነው። ቴርሞሜትር የለም፤ ዓይን ነው።

እናም ቢላዋ ስትገዙ «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብቻ ሳይሆን «ከቀጠቀጥከው በኋላ ምን አደረግከው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ ማስረዳት ይጀምራል።

ገበያ ላይ ሻጩን ማመን ካልፈለጋችሁ ትንሽ ሙከራ አለ። የጆሮ ማዳመጫችሁ ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ ማግኔት አለ፤ ብረቱ ላይ አስጠጉት። ጭራሽ ካልሳበ የማንኪያ ዓይነት ስቴንለስ ነው፣ ተውት። ከሳበ ግን ገና ምንም አላረጋገጣችሁም፤ ለስላሳ ብረትም ይሳባል። ስለዚህ ትንሽ ሞረድ ያዙና እጀታው አጠገብ፣ የማይታይ ቦታ ላይ በቀስታ ሞክሩት። ሞረዱ እንደ ሚስማር በቀላሉ ከበላው ብረቱ አልጠነከረም። መንሸራተት ከፈለገና ትንሽ ብቻ ከያዘ ጥሩ ነው። ሻጩ «አትሞርድብኝ» ካለ መልሱን አገኛችሁት።

ገበያው ለምን እንዲህ በሚያብለጨልጭ እርባና ቢስ ነገር እንደተሞላ ሳስብ ጆርጅ አከርሎፍ ትዝ አለኝ። በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጥናት በኋላ ኖቤል አስገኝቶለታል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ነው የሚሰጠው፤ በዚያ ዋጋ ጥሩውን መሸጥ ስለማያዋጣ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። የሰንጢ ጠረጴዛ ላይ ሄዳችሁ እዩት፣ ያው ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ላይ ደግሞ ሌላ ጫና አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ብሩ ሲወርድ አስመጪው ዋጋ ላለመጨመር ከጥራቱ ይቀንሳል። የባሌስትራ ቁራጭ ግን አገር ውስጥ ያለ ነው፤ ቀጥቃጩም እዚያው ገበያ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ይገኛል። ቢላዋው ቢታጠፍ ይዛችሁለት ትሄዳላችሁ። ይህ በማኅተም ከሚጻፍ ከየትኛውም ስም ይበልጣል።

እንዲያም ሆኖ ቀጥቃጭን «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አልጠፋም። ልጆቻቸው ሙያውን ጥለው ቢሄዱ ማን ይፈርዳል? እሳቱን በዓይን የሚለካ ሰው በሄደ ቁጥር የሚተርፈን የእኔ ዓይነት ሰንጢ ነው። (ተናደድኩ መሰለኝ። ጣቴ ይሆናል።)

እኔ አሁን ሁለት ይዣለሁ። ለከባዱ ሥራ የማይታጠፍ የባሌስትራ ቢላዋ፤ ምክንያቱም የሚታጠፍ ነገር ሁልጊዜ ማጠፊያው ላይ ነው የሚደክመው። ለማንጎ፣ ለገመድና ለኪስ ደግሞ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስቴንለስ ሰንጢ። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ባሌስትራውን እገዛለሁ። አንድ የተሰፋ ጣት ስንት ባሌስትራ እንደሚገዛ አስሉት።

ባሌስትራው ይዝጋል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ማንጎ ስትልጡበት በሁለት ቀን ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይቀየራል። ጥቁሩን አትፈሩት፣ እንዲያውም ብረቱን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። ጠላቱ ቀዩ ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ አጥባችሁ አድርቁት፣ ክረምት ላይ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት በጨርቅ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡት። የሰንጢ ማጠፊያ ውስጥ ግን የኑግ ዘይት አታስገቡ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። እዚያ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይሻላል። መንገድ ስትወጡም ኪሳችሁ ውስጥ አትያዙት። ከሌላ የሥራ ዕቃ ጋር ሻንጣ ውስጥ አድርጉና ኬላ ላይ ከመፈተሻችሁ በፊት ራሳችሁ ተናገሩ።

ከመንጌ ስመለስ ያቺን የምታብለጨልጭ ሰንጢ ለአጎቴ ትቼላቸው ነበር። ባለፈው ስደውል ጠየቅኳቸው። የልጅ ልጃቸው እርሳስ ይቀርጽባታል አሉኝ።