ፈሪ ውሻን ከገመድ ጋራ ስለ ማላመድ

በሌላ ሰው ደጅ ያደገ ውሻ ወደ ቤታችን ገብቶ፥ ገመድ ባየ ጊዜ ጅራቱን ሸጉጦ ከአልጋ ሥር ቢደበቅ፥ እልኸኛ ነው ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። በብዙ ግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሲመታም የሚያዘው በገመድ ነው። እንግዲህ የሚፈራው ገመዱን ሳይሆን ገመዱ ያመጣበትን መከራ ነው። ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ በገመድ የማይመራ ውሻን የእብደት በሽታ መከላከያ ክትባት ወደሚሰጥበት ስፍራ ማድረስ ያስቸግራልና።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓመት የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው የመስኮብ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፥ ከምግብ በፊት የሚመጣን ምልክት የለመደ ውሻ ምግቡ ሳይቀርብለት ምራቁ እንደሚወርድ አስረድቷል። የኛም ገመድ እንዲሁ የምግብ ምልክት ይሆን ዘንድ፥ አስቀድሞ ከሚበላበት ሳሕን አጠገብ ተጋድሞ ይሰንብት፤ ማንም አያንሣው። ውሻው ሳይሰቀቅ መብላት ሲጀምር፥ ቀላል ገመድ በደረቱ ማሰሪያ ላይ ተያይዞለት፥ ሰው እየጠበቀው በቤት ውስጥ እየጐተተ ይዙር። የደረት ማሰሪያ ማለታችን፥ የፈራ ውሻ ሲያፈገፍግ የአንገቱ ቀበቶ በራሱ በኩል ሾልኮ ስለሚወጣ፥ ሲሳብም ጉሮሮውን ስለሚያንቀው ነው።

ከዚያ በኋላ ጫፉን ይዞ፥ ውሻው ሲቆም አብሮ መቆም ነው። መጐተት ከሁሉ ይከፋል፤ የተጐተተ ውሻ ወደ ኋላ ይስባልና። ገመዱ ላልቶ ሳለ አንዲት እርምጃ ቢራመድ ወዲያው ቍራጭ ሥጋ ይሰጠው። ልጆች ይህን ሥራ እጅግ ይወዱታል፤ ነገር ግን እስኪለምድ ድረስ ገመዱን ባይዙ ይሻላል። የመጀመሪያውም መንገድ ከቤቱ በር እስከ አጥሩ ብቻ ይሁን፤ መኪና ወደሚበዛበት ጐዳና የሚወጣው ጅራቱ ሲነሣ ነው።