ባቡር የቆረቆራቸው ከተሞች

ከአዳማ እስከ አዋሽ ያሉት ከተሞች ለምን በአሮጌው ሐዲድ ዳር እንደተደረደሩ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያን ጊዜው ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። እንፋሎት ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ ባቡሩ በየቦታው እየቆመ ውሃ ይቀዳ ነበር። ባቡር ሲቆም ሰው ይወርዳል፤ የወረደ ሰው ይርበዋል። ምግብ ሻጩም፣ ተሸካሚውም፣ የሐዲድ ሠራተኛውም እዚያው ጎጆ ቀለሰ። አዋሽማ ይበልጥ ቀናት! መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው የሚያድረው ድሬዳዋና አዋሽ ነበር።

ታዲያ ምን መጣ? በናፍጣ የሚሠራ ባቡር መጣና ለውሃ መቆም ቀረ። ቀጥሎ የመኪና መንገዱ ጭነቱንም ሰውንም ወሰደ። በመጨረሻ አሮጌው ባቡር ራሱ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በሌላ ሐዲድ ነው።

አዳማ ግን የአዲስ አበባ፣ የአሰላና የድሬዳዋ መንገዶች ስለሚገናኙባት አደገች። አዋሽም ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። በባቡር ብቻ ይኖሩ የነበሩት ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ጭር አሉ። ለካ ከተማም እንደ ሰው አንድ ገቢ ብቻ አይበቃውም!

ልጆች፣ በባቡሩ የሠሩ ወይም የተጓዙ አያቶች ካሏችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። የነገሯችሁን ጻፉና ለክበባችን አምጡልን።