ወደ ውሃ የምንመልሰው ዓሣ በሕይወት እንዲተርፍ

በሸካ፣ በቤንች ሸኮና በአጎራባች ዞኖች ከቡናው፣ ከኮረሪማውና ከንቡ ጎን ለጎን የዓሣ ኩሬ የቆፈሩ አርሶ አደሮች አሉ። ከወንዝ፣ በዳውሮ በኩል ደግሞ ከጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ የሚያጠምዱም አሉ። ሁሉም ከያዙት ውስጥ የተወሰነውን ዓሣ ወደ ውሃ ይመልሳሉ። ምክንያቱ ዓሣው ገና አለመድረሱ፣ እንቁላል መያዙ ወይም ለዘር መመረጡ ሊሆን ይችላል።

እየዋኘ የሄደ ዓሣ ሁሉ ግን ተርፏል ማለት አይደለም። የተጎዳ ዓሣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ እኛ ሳናየው ሊሞት ይችላል። ለዘር ያስቀረነው ዓሣ ከሞተ የሚቀጥለው ዓመት ጫጩትም አብሮ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዓሣው የሚጎዳበትን ምክንያትና የሚተርፍበትን አያያዝ ማስረዳት ነው።

1. ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው። ስንጥብ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረበ አካል ሲሆን ከውሃ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ስለዚህ ዓሣው ከውሃ ውጭ የሚቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ ጉዳት አለው።

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከእጃችን ነው። የዓሣ ገላ የሚያሙለጨልጨው በልጋግ ስለተሸፈነ ነው። ይህ ልጋግ ከበሽታ ይከላከለዋል። በደረቅ እጅ፣ በጆንያ ወይም በሸካራ መረብ ሲታሽ ልጋጉ ይገፈፋል፤ በተገፈፈው ቦታ ላይ ሻጋታና ቁስል ይወጣል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባልዲ ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆየ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሆኖም ሊታፈን ይችላል።

2. ከኩሬ ስናወጣ

በኩሬ ውስጥ ትንሹን ዓሣ ሁሉ መመለስ ትክክል አይደለም። ቆሮሶ ቶሎ ስለሚራባ ኩሬው ይጨናነቃል፤ ዓሦቹም ቀጭጨው ይቀራሉ። መመለስ ያለበት ለዘር የተመረጠው ነው፤ ይኸውም ከእኩዮቹ ፈጥኖ ያደገ፣ ቁስል የሌለው፣ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ተመጣጥኖ ነው።

• ከማውጣታችን በፊት ባለው ቀን መኖ እናቁም። ሆዱ የሞላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል።
• ሥራው በጠዋት ይሁን። ነገር ግን ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር የሚፈልጉ ከሆነ ኦክስጅን አንሷልና ፀሐይ ወጥታ እስኪረጋጉ እንጠብቅ።
• መረቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ዳር አናውጣ። ዓሦቹ ውሃ ውስጥ እንዳሉ እንምረጥ።
• እጃችንን አስቀድመን እናርጥብ። በስንጥቡ በኩል ጣት አናስገባ፤ በጅራቱ አናንጠልጥል። አንድ እጅ ከሆዱ በታች፣ ሌላው ከጅራቱ አጠገብ ይደግፈው።
• ከሌላ ኩሬ በባልዲ ወይም በላስቲክ ያመጣነውን ዓሣ ወዲያው አናፍስስ። ዕቃውን ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እናቆይ፤ የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እንጨምር። ከዚያ ዓሣው ራሱ ይውጣ።

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን ከአንድ ሳምንት በላይ በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በዚህ ጊዜ ጉሮሮዋ ሥር የተነፋ መስሎ ይታያል። ስትደነግጥ ሁሉንም ትተፋለች። እንዲህ ያለችውን ከውሃ ሳናወጣ መረቡን ዝቅ አድርገን እንልቀቃት፤ አንዷን በማዳን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶችን ማዳን ይቻላል።

3. ከወንዝ ስናጠምድ

የመንጠቆውን ወደኋላ የዞረ ሹል በፒንሳ መደፍጠጥ ዓሣውን ሳይቀድ ለማውጣት ይረዳል። መንጠቆው ጉሮሮው ድረስ ከተዋጠ መጎተት ይገድለዋል፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጠን እንልቀቀው። የደከመውን ዓሣ ራሱን ወደ ውሃው ፍሰት አዙረን ይዘን፣ በራሱ ኃይል እስኪሄድ እንጠብቅ። መወርወር ክልክል ነው።

በቡና ጥላነት የምናውቀው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል ቆይቷል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣው አካል ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። መርዝ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም፤ ስለዚህ ብርብራ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ተመርጦ የሚመለስ ዓሣ አይኖርም።

4. ከጥልቅ ውሃ ስናወጣ

በኩሬና በአብዛኛው ወንዛችን ይህ ችግር የለም። ጊቤ ሦስት ግን ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ነው፤ ሐይቁም ጥልቅ ነው።

በዓሣ ሆድ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚረዳው የአየር ከረጢት አለ። ጥልቀት 10 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃው ግፊት ከውሃ በላይ ባለው የአየር ግፊት መጠን ገደማ ይጨምራል። ዓሣው በፍጥነት ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ አየሩ ይለጠጣል፤ ከ10 ሜትር ሲወጣ እጥፍ፣ ከ20 ሜትር ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ካርፕና መሰሎቹ ትርፉን አየር በጉሮሯቸው ማስወጣት ይችላሉ። የቆሮሶና የናይል ፐርች ከረጢት ግን ዝግ ነው።

ምልክቶቹ የሆድ መነፋት፣ የዓይን መውጣት፣ ጨጓራው በአፍ መታየትና ዓሣው ተገልብጦ መንሳፈፍ ናቸው። ሆዱንም ሆነ የወጣውን ጨጓራ በመርፌ መብሳት ወይም በጣት መግፋት አይገባም። መፍትሔው ቶሎ ወደ ጥልቀቱ መመለስ ነው። ለዚህም፦

• ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ሳጥን ተደፍቶ አፉ ወደ ታች ይሁን።
• በጠርዙ ዙሪያ ድንጋይ፣ በጀርባው ላይ ረጅም ገመድ ይታሰር።
• ዓሣው ከሥሩ ገብቶ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ይውረድ። ግፊቱ ሲመለስ አየሩ ይጨመቃል፤ ዓሣውም በሳጥኑ አፍ በኩል ዋኝቶ ይወጣል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ትንንሽ ዓሣ በሚበዛበት ጥልቅ ቦታ መረብ አለመጣል ነው።

5. የት መልቀቅ አይገባም?

ቡና በሚታጠብበት ወራት ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ባለው ወንዝ ዓሣ አንልቀቅ። ገለባውና ዝልግልጉ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የኩሬ ዓሣንም፣ በተለይ ከሌላ አካባቢ የመጣ ዝርያን፣ ወደ ወንዝ አንልቀቅ፤ በሽታ ሊያስተላልፍና የወንዙን ዓሣ ሊሻማ ይችላል።

የተግባር ልምምድ

በሚቀጥለው የዓሣ ማውጣት ቀን ከሚመለሱት 10 ዓሦችን፣ ኩሬው ውስጥ በአራት እንጨት በተወጠረ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ለሁለት ቀን እናቆይ። የሞተውን እንቁጠር፤ አያያዛችንን አስተካክለን በሌላ ጊዜ እንድገመው። ሁለቱን ቁጥሮች ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለልማት ቡድናችሁ አባላት አሳዩ።