በክንድ ላይ የተጣራው ቁስል

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር በተደረገው ውጊያ ዐፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፤ ከቁስሉም አልተነሡም። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ነው። በዚያው ዓመት (በፈረንጆቹ 1889) ኔፕልስ ውስጥ አውጉስቶ ዱክሬ የተባለ ወጣት ሐኪም በሌላ ዓይነት ቁስል ላይ አፍጥጦ ነበር።

ቁስሉ የብልት ነበር። የእኛ ሰው ከርክር ይለዋል፤ ያቃጥላል፣ መግል ይይዛል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ያወጣል። ሴቷ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከከንፈሮቹ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ሽንቷ ሲለበልባት፣ ስትቀመጥ ሲያማት፣ ለማን ትንገር? የሰሊጥ አጫጅና የከባድ መኪና ሹፌር በሚመላለስበት የመተማ ጠረፍ ደግሞ ለአባላዘር በሽታ መንገዱ ቅርብ ነው።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ተሳስተው ነበር። በፈረንጆቹ 1767 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሀንተር ከጨብጥ በሽተኛ የወሰደውን መግል በሰው ገላ ላይ (በራሱ ላይ ነው የሚሉም አሉ) አስገባ። ቂጥኝም አብሮ ወጣ። «ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው» ብሎ ደመደመ። በሽተኛው ሁለቱንም ይዞ እንደነበር አልጠረጠረም። ስሕተቱን ፈረንሳዊው ሪኮርድ እስኪያርመው ሰባ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1852 ባሰሮ የተባለ ሐኪም የሚያመውን ቁስል ከማያመው የቂጥኝ ቁስል ለየ። ተውሳኩን ግን ያየው አልነበረም።

ዱክሬን ያስቸገረው የመግሉ ድብልቅ ነበር፤ በማይክሮስኮፑ ሥር ተውሳኩ ሁሉ ይተራመሳል። የትኛው ነው ጥፋተኛው?

ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በቀላሉ የማይፈቅደውን አደረገ። ከሦስት በሽተኞች ቁስል መግል ወስዶ በየራሳቸው ክንድ ላይ አስገባ። በሳምንቱ ከአዲሱ ቁስል ወስዶ ሌላ ቦታ ላይ፣ እንደገና በሳምንቱ ሌላ ቦታ ላይ። ክንዱ እንደ ወንፊት ሆነለት፤ እንግዶቹ ተውሳኮች በየዙሩ ቀሩ። አምስተኛው ስድስተኛው ዙር ላይ አጭር፣ ዘንግ መሰል ተውሳክ ብቻውን ቀረ።

ሊያራባው ሲሞክር ግን እምቢ አለው።

ምስጢሩ ደም ነበር። በ1900 ፓሪስ ውስጥ ቤዛንሶን፣ ግሪፎንና ለ ሱር በተውሳኩ ማራቢያ ምግብ ላይ ደም ሲቀላቅሉበት በቀለ። ከጊዜ በኋላ ከርክር መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ሆነ፤ ዛሬ አንድ ጊዜ በሚዋጥ አዚትሮማይሲን ይድናል። ያበጠና የቆሰለ ሁሉ ግን ከርክር አይደለም፤ ሄርፒስ፣ ፈንገስ፣ በብልት በር ያለው የባርቶሊን ዕጢ መግል መያዝም ያንኑ ሕመም ያመጣሉና ሳይታዩ መገመት አይቻልም።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ግን ከፓፑዋ ኒው ጊኒዋ ሊሂር ደሴት አንድ ጥናት ወጣ፤ ተመራማሪዎቹ የቆዳ ቁስል ያለባቸውን ሰዎች መርምረው ነበር፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ከግማሽ በሚበልጡት ቁስል ውስጥ ያው የዱክሬ ተውሳክ ተቀምጦ አገኙት፤ ከሩካቤ ጋር ምንም በማይገናኝ የልጅ እግር ላይ።