ለጌም የተከፈተ ኮምፒውተር
ሐዋሳ ያለ ወጣት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ኳስ ጌም መጫወት ቢያምረው፣ ጌሙን የገዛው አንዱ ብቻ መሆኑ አያግዳቸውም። የጌም መሸጫው ስቲም እ.ኤ.አ. በ2019 ያስጀመረው «ሪሞት ፕሌይ ቱጌዘር» የባለቤቱን ጌም ምስል በኢንተርኔት ለእንግዳው ይልካል፤ እንግዳው የሚጫናቸው ቁልፎች ደግሞ ባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ።

በዚህ መንገድ እንግዳው የሚያየው ጌሙን ነው። እንደ ኤኒዴስክ ባሉ ኮምፒውተርን ከርቀት ለመቆጣጠር በሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ግን ሙሉ ኮምፒውተሩ ሊከፈትለት ይችላል፦ ፎቶው፣ ቴሌግራሙ፣ ብራውዘር ላይ የተቀመጠው የይለፍ ቃል ሳይቀር።

እዚህ ላይ ሕግም አለ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ ማለፍንም ይከለክላል። ለጌም ተጋብዞ የግል ፋይል የሚበረብር ጓደኛ፣ ነገሩ በኩርፊያ ብቻ ላያበቃለት ይችላል። ጠንቃቃ ተጫዋቾች ለእንግዳ የተለየ አካውንት ይከፍታሉ፣ ቋሚ የይለፍ ቃል አይሰጡም፣ ጨዋታው ሲያልቅም ፕሮግራሙን ይዘጋሉ።